አጥሩ የታጠረው በማን ላይ ነው?

በስምጥ ሸለቆው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ማዳበሪያዎች አፋቸው በቅጠል ተወትፎና በገመድ ተጠልፎ ተደርድረዋል፤ ሻጩ ግን አይታይም። መኪና ሲቆም ከቁጥቋጦው ሥር ብድግ ይላል። አንድ ዓይኑን በደንበኛው፣ ሌላ ዓይኑን በመንገዱ ላይ አድርጎ ዋጋ ይከራከራል፤ ዘበኛ መጣ ከተባለ ማዳበሪያውን ጥሎ ይጠፋል።

እኔም ባለፈው ዓመት ከሚኒባስ ወርጄ አንድ ማዳበሪያ ገዛሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምጽፈውን ነገር ከሰው በላይ ሆኜ የምጽፈው እንዳይመስላችሁ ነው። ገንዘቡን እየቆጠርኩ፣ «አባቴ፣ ግራሩን እንዲህ ጨርሳችሁት ነገ ምን ልትሆኑ ነው?» አልኳቸው። አፌ ይህን ሲል እጄ ከሰሉን እየተቀበለ ነበር። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ግራሩን የጨረስነው እኛ ነን፤ አልክድም። ከብቶቼ በድርቁ አለቁ፤ ሌላ የምሸጠው የለኝም። ሐይቁን የጨረሰው ግን ማነው? እሱንስ እንዲህ ቆመህ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አሉኝ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ መልስ ሳልሰጥ ተሳፈርኩ።

በዚያው ሰሞን በሰፈራችን መስጂድ በረንዳ ላይ ከዒሻ ሶላት በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዱ ተከራካሪ ስለ አካባቢ ጥበቃ የተማረ ወጣት ነው። ደኑ አለቀ፣ ሐይቆቹ ደረቁ፣ የዱር አራዊቱ ጠፋ፤ መንግሥት ገና ጠበቅ አላደረገም፤ ቆራጩንም ሰፋሪውንም በጉልበትም ቢሆን ማስወጣት አለበት ይላል። ሌላው በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» አሉ። «እነሱ የራሳቸውን ጫካ ቆርጠው፣ ከሰሉንና ነዳጁን አቃጥለው ከበለጸጉ በኋላ እኛን ዛፍ አትንኩ ይሉናል። ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ ይህ የአካባቢ ጥበቃ የሚሉት ነገር ድንበሩን አልፏል።» ያኛው «ገና ነው» ይላል፤ እሳቸው «አልፏል» ይላሉ። ተሰብሳቢውም ለሁለት ተከፈለ።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ከሁለቱ ከአንዱ ጋር እንደምትቆሙ እገምታለሁ። እኔ ግን ከሁለቱም ጋር አልቆምኩም። ምክንያቱም ሁለቱም የሚጠይቁት ምን ያህል ሩቅ ተሄደ ብለው ነው። ወደ ማን ተሄደ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው በረንዳው ላይ አልነበረም።

በቅድሚያ ከሐጂ እጀምራለሁ። በዕድሜ ይበልጡኛልና መጀመሪያ መልስ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው።

ሐጂ! የፈረንጁን ግብዝነት አልክድም። አንድ የኢትዮጵያ ሰው በዓመት በአማካይ ወደ አየር የሚለቀው የካርቦን ጭስ ከ0.2 ቶን ያነሰ ነው፤ የአሜሪካው ከ10 ቶን ይበልጣል። (ለወገን ላለማድላት ይህንንም ልጨምር፤ የቀጠሩ ከ30 ቶን በላይ ነው።) ነገር ግን የፈረንጅ ግብዝነት የእኛን ሐይቅ መልሶ አይሞላልንም። ሐረማያን እናስታውስ። የሐረርጌ ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የገፋው፣ ያን ሐይቅ በጀልባው፣ በዓሣውና በወፉ ያውቀዋል። የሐረር ከተማ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የጠጣችው ከእሱ ነው። ከዚያ ዙሪያውን ያለው ኮረብታ ተራቆተ፤ ጎርፍ ደለሉን ወደ ሐይቁ አወረደው። ጫቱ ተስፋፋ። የውሃ መሳቢያ ሞተር መግዛት የቻለ ሁሉ ቱቦውን ሐይቁ ውስጥ ነከረ። ውሃው በሸሸ ቁጥር ቱቦው ተከተለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 2005 ላይ ስንደርስ ሐይቅ የነበረው ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ።

ይህን ያደረገው ፈረንጅ ነው? አይደለም። ሐይቁን በሞተር የሳብነው እኛው ነን፤ ከዳር ቆመን ያየነውም እኛው ነን። ሐረር ውስጥ ውሃ በጀሪካን የተሸጠበትን፣ ቧንቧ ከሳምንት እስከ ሳምንት ደርቆ የሚከርምበትን ዘመን ያሳለፈችው እናት ነገሩን የፈረንጅ ቅንጦት ብትሏት ትስቅባችኋለች። ከተማዋ በመጨረሻ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ ያን ሁሉ ዳገት በሞተር እየተገፋ በሚወጣ ውሃ መኖር ጀመረች። የዚያ ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቡት። አልሐምዱሊላህ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝናቡም ረድቶ፣ ተፋሰሱም ላይ ተሠርቶ ሐረማያ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ግን ሞተሮቹ የት ሄዱ? ሐይቁ ሲመለስ እነሱም ከተመለሱ ታሪኩ ራሱን ይደግማል።

እንግዲህ ሐጂ፣ ሐረማያ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ድንበሩን አላለፈም፤ ጨርሶም አልመጣም። ሞተር የሌለው ሚስኪን ገበሬ ጎረቤቱ ሐይቁን ሲጠጣበት የሚጮኽለት አጥቶ ነው ሜዳ ላይ የቀረው። ሪዝቅ ከአላህ ነው ማለት እውነት ነው፤ የጎረቤትን ሪዝቅ በቱቦ ስቦ እየጨረሱ ይህን መናገር ግን ነውር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቱ እንሂድ። ወንድሜ! በጉልበትም ቢሆን ይውጡ ብለሃል። እሺ፤ የወጡትን እንይ።

የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ገደማ ሲቋቋም 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ስሙም የሐይቆች ፓርክ ነው። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ይብራዎች ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ከአብያታ ዓሣ ነበር። እንግዲህ በዚህ ፓርክ ውስጥ፣ በራሱ በአብያታ ሐይቅ ዳር፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ምን ቆመ? የሶዳ አሽ ፋብሪካ! የሐይቁን ውሃ እየሳበ በገንዳ ያተናል፤ የሚቀረውን ጨው ይሸጣል። ወደ ላይ ደግሞ ለሐይቁ ውሃ የሚያቀብሉት ወንዞችና የዝዋይ ሐይቅ ለመስኖ እርሻና በኋላም ለአበባ ልማት ይሳባሉ። አብያታ ካለው ስፋት ከግማሽ በላይ አጣ፤ የቀረውም ውሃ ጨዋማነቱ ከፍ ብሎ ዓሣው አለቀ። ይብራዎቹም ምግብ ፍለጋ ወደ ዝዋይ መብረር ጀመሩ።

በዚሁ ፓርክ ውስጥ ግራር መቁረጥ ክልክል ነው። ክልክል መሆኑም ትክክል ነው፤ ግራሩ እያለቀ ነውና። ነገር ግን ወንድሜ፣ እስቲ በአላህ ስም ፍረድ! ሐይቅ ለማትነን ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅርንጫፍ የቆረጠ ይሸሻል። ፓርኩ የተሰየመው በግራሩ ስም ነው ወይስ በሐይቁ?

ሌላም አለ። በ2004 የነጭ ሳርን ብሔራዊ ፓርክ አንድ የውጭ ድርጅት እንዲያስተዳድረው ውል ተፈረመ። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የኮሬ ገበሬዎችና የጉጂ አርብቶ አደሮች እንዲወጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ድርጅቱ በ2008 ጥሎ ሄደ። ሰዎቹ ግን ወዴት ይሂዱ? ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ፓርኩም ከቀድሞው የተሻለ አልሆነም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በበርካታ ፓርኮቻችን የሆነውንም አትርሳ። በጉልበት የተከለለው መሬት፣ ጉልበቱ ለጥቂት ወራት ላላ ሲል፣ በቂም ተወረረ፤ የጥበቃ ቤቶቹ ፈረሱ፤ አራዊቱ ተገደሉ። ለሃያ ዓመት ያህል ጠላት ሲያፈራ የኖረ አጥር ወዳጅ በፈለገበት ዕለት አላገኘም።

ድንበር ተሻግረን ወደ ታንዛኒያ እንይ። ሎሊዮንዶ በተባለው የማሳይ ሕዝብ ምድር ከ1992 ጀምሮ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚመጡ ባለጸጎች የሚያድኑበት ፈቃድ ተሰጥቷል። በሰኔ 2022 መንግሥት 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ለጥበቃ እከልላለሁ ብሎ ድንበር ሲተክል ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ ብዙ ማሳዮች ቆስለው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ላሙን ይዞ የሚኖረው ሰው ለአራዊቱ አደጋ ነው ተባለ፤ ጠመንጃ ይዞ በአውሮፕላን የሚመጣው ግን እንግዳ ሆነ። አዳኞቹ ሙስሊም ስለሆኑ ነገሩን ዝም ብለን እንለፈው? እኔ አላልፈውም። ዙልም የሠሪውን ሃይማኖት አይቶ ስሙን አይለውጥም።

ውድ አንባቢያን! እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። በጃሂሊያ ዘመን የዓረብ ኃያላን ለምለም መሬት ላይ ሲደርሱ የሚያደርጉትን ሊቃውንቱ ጽፈውልናል። አለቃው ውሻውን ይዞ ኮረብታ ላይ ይወጣል። ውሻውን ያስጮኸዋል። ጩኸቱ በየአቅጣጫው እስከተሰማበት ድረስ ያለው ሣርና ውሃ ሁሉ ሒማ፣ ማለትም ክልል፣ ይሆናል፤ የሌላ ሰው ከብት አይገባበትም። አለቃው ግን በገዛ ክልሉ ብቻውን እየሰማራ፣ ከክልሉ ውጭም ከሕዝቡ ጋር እኩል ያሰማራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሥርዓት ሻሩት። ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው ብቻ እንጂ ለማንም ኃያል የግል ጥቅም እንዳይሆን ደነገጉ። ከመዲና አቅራቢያ ያለውን ነቂዕ የተባለውን ስፍራም ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉት። ልብ በሉ! ክልሉን ራሱን አላጠፉትም። ያጠፉት የውሻውን ጩኸት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ችግኝ ተከላ ላይ ሁሉ የቂያማ ዕለት በእጅ ስላለችው ችግኝ የሚናገረውን ሐዲስ እንሰማለን፤ ደግ ነው። በቡኻሪ የተዘገበውን የሁነይን ታሪክ ግን በየትኛው ችግኝ ተከላ ላይ ሰማችሁት? ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሁነይ የተባለ ነጻ የወጣ አገልጋያቸውን የክልል ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ዛሬ በእኛ ቋንቋ የፓርክ ዘበኛ ማለት ነው። ሲሾሙትም የሰጡት መመሪያ ነበረ። ለሰዎች ገር እንዲሆን፣ የተበደለ ሰውን ዱዓ እንዲፈራ አዘዙት። ጥቂት ግመል፣ ጥቂት በግና ፍየል ያለውን ሰው አስገባው አሉት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዳያስገባ አስጠነቀቁት።

እነዚህ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በጀነት ከተበሠሩት ዐሥሩ ሰሓቦች ውስጥ ናቸው፤ በልግስናቸውም የታወቁ ናቸው። ዑመር ስማቸውን የጠሩት ጠልተዋቸው አይደለም። ምክንያቱን ራሳቸው አስረድተዋል። የእነዚህ ሰዎች ከብት ቢያልቅ ወደ ተምር ዛፋቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። የዚያ የጥቂት ከብት ባለቤት ግን ከብቱ ቢያልቅ ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ዘንድ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ባዶ እጁን ልሰደው አልችልም አሉ። ሣርና ውሃ መስጠት ለእሳቸው ከወርቅና ከብር እንደሚቀልላቸውም ተናገሩ። በመጨረሻም ሰዎቹ እንደበደልኳቸው ያስባሉ፤ አገራቸው ነው፤ በጃሂሊያ የተዋጉለት፣ በእስልምናም የሰለሙበት መሬት ነው አሉ። ለአላህ መንገድ የሚጫኑት እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ከመሬታቸው አንዲት ስንዝር እንደማይከልሉ ማሉ።

ይህ የአንድ መሪ ንግግር በዛሬ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ሚዛን ላይ ይቀመጥ። ሦስት ነገር ይታየኛል፤ ምናልባት እናንተ ከዚያ በላይ ታዩ ይሆናል። አጥር ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ዑመር አላፈረሱትም፤ ዘበኛም አቁመዋል። ሁለተኛ፣ አጥሩ መሬቱ የማን እንደነበረ አያስረሳም፤ የሚከልለው መሪ ራሱ በባለቤቶቹ ዓይን በዳይ መስሎ እንደሚታይ አምኖ፣ እየከበደው ነው የሚከልለው። የእኛ ዘመን ከላዮች ግን ሪባን ቆርጠው፣ አጨብጭበው ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው ግን ይህ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ መጀመሪያ የሚቀረው መመለሻ ያለው ሰው ነው። ጥያቄው ማን ብዙ ያጠፋል ብቻ አይደለም። ይህ በር ቢዘጋበት ሌላ በር ያለው ማነው?

በዚህ ሚዛን የአብያታን ነገር መዝኑት። ፋብሪካው ቢዘጋ ባለቤቱ ገንዘቡን ሌላ ሥራ ላይ ያውላል። የአበባ እርሻው ባለቤት ወደ አገሩ ይመለሳል። የኤምሬትሱ አዳኝ ሌላ መዝናኛ አያጣም። ሐረማያ ላይ አምስት ሞተር የነበረው ሰው ሱቅ ይከፍታል። ያ ከብቱ ያለቀበት ከሰል አክሳይ ግን ከግራሩ ወዲያ ምን አለው? ልጆቹን ይዞ ከተማ ይገባል። ያን ጊዜ በየመስጂዱ በር ላይ እጁን ዘርግቶ እናገኘዋለን፤ ሳንቲም እንጥልለታለን፤ ፓርኩ ዳነ እንላለን። ዑመር ሣሩ ከወርቅና ከብር ይቀላል ያሉት ሒሳብ ይህ ነው። ሰውን ከግጦሹ ማስወጣት ዕዳ አለው፤ ዕዳውን የሚከፍለው አጥሩን ያጠረው መሥሪያ ቤት ስላልሆነ ብቻ ነጻ የሆነ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ወጣቱ ወንድሜ የሚመልስልኝን አውቃለሁ፤ በረንዳው ላይም ብሎታል። «ድሃው አንድ ቢሆን መልካም ነበር። ግን ሺህ ድሃ እያንዳንዱ አንድ ግራር ቢቆርጥ ሺህ ግራር ነው። ዛፉ የቆራጩን ድህነት አይቶ አይበቅልም።» እውነቱን ነው! ይህን መሸሽ አይገባም። አገራችን ዛሬ የዑመር ዘመን መዲና አይደለችም፤ ሕዝቡ ከመቶ ሚሊዮን አልፏል፤ ማብሰያው በአብዛኛው እንጨትና ከሰል ነው። ነገር ግን ዑመር በሩን ወለል አድርገው አልከፈቱም። አስገባ ያሉት የጥቂት ከብት ባለቤትን ነው። ቁጥር አለው ማለት ነው። ድሃውም ልክ አለው፤ ልኩን ግን የሚያስከብረው ጎረቤቱና ሽማግሌው ሲሆን ይከበራል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በመንዝ ያለውን ጓሳን ተመልከቱ። የአካባቢው ሕዝብ ያን የደጋ ሣር ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣር ማጨድና ማሰማራት ክልክል ይሆናል፤ ጊዜው ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና ይከፈታል። ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ እዚያ አለ። ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ባለቤቱ ሲጠፋ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ መልሶ ሲያደራጀው አገገመ። የመንዝ ገበሬ ክርስቲያን ነው፤ የሁነይን ታሪክም አልሰማ ይሆናል፤ ሐቁን ግን አግኝቶታል። ሐቅን ካገኙበት መውሰድ ደግሞ የእኛ ወግ ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስና አንድ የቅርብ ነገር ልጨምር። በ2025 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። እኔ ደስ ብሎኛል። ፌስታል የበላች ላም ስትታረድ ሆዷ ውስጥ የሚገኘውን ያየ ሥጋ ሻጭ ደስታዬን ይረዳልኛል። ነገር ግን ቅጣቱን ተመልከቱ። ይዞ ለተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር፤ ለአምራቹ ከ50,000 እስከ 200,000 ብር። ትልቁን በትልቁ ብናካፍለው አርባ ነው። የፋብሪካ ባለቤት ከጉልት ሻጭዋ የሚበልጠው አርባ እጥፍ ብቻ ነው? ለእሷ 5,000 ብር የስንት ወር ቤት ኪራይ ነው? ለእሱስ 200,000 ብር የስንት ሰዓት ገቢ ነው?

ከዚህ ቀደምም እንዲሁ ነበር። በ2008 የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን እስኪያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር። አምስቱ ዓመት ካለቀ ስንት ዓመት ሆነው? በአዲስ አበባ የአቃቂን ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው መልሱን በአፍንጫው ያገኘዋል። በዚያ ውሃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ገበታችን ላይ ይቀርባል። ለከሰል አክሳዩስ የአምስት ዓመት ጊዜ የሰጠው ማን ነው? እስኪያስተካክል፣ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ፣ የተሰጠው አምስት ቀንስ አለ?

እንግዲህ በረንዳው ላይ ለተነሣው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። የአካባቢ ጥበቃ በድሃው ላይ ድንበሩን አልፏል። በባለጸጋው ላይ ገና ከቤቱ አልወጣም። ሁለቱ አንድ ላይ እውነት ናቸው፤ ስለዚህ ሐጂም ወጣቱም ግማሽ ግማሽ ሐቅ ይዘው ተጣሉ። ሐጂ የፈሩለት ድሃ ሐረማያ ላይ ጥበቃ በማጣት ተጎዳ፤ ወጣቱ ያዘነለት ሐይቅ ደግሞ አብያታ ላይ ድሃውን በማባረር አልዳነም።

ይህን ስናገር ከሐጂ በኩል አንድ ጥያቄ መጣብኝ። «መልካም፤ ባለጸጋ ባለጸጋ ትላለህ፤ አንተስ?» አሉኝ። ደንገጥ አልኩ። ተነሡና እጄን ይዘው ወደ ውዱእ ማድረጊያው ወሰዱኝ። ዐሥራ ሁለት ቧንቧ አለ። የመጨረሻው ሰው ከሄደ ቆይቷል፤ ሁለቱ ክፍት ናቸው፤ ይፈሳሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ሙድ የአንድ መካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው እፍኝ ነው። እኛ እግራችንን ስናጥብ ብቻ ስንት ሙድ እንደምንደፋ ቆጥረን እናውቃለን? ከመስጂዱ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ሴቶች በጀሪካን ወረፋ ይቆማሉ። ከቧንቧው የሚፈሰውን ስናይ እኛም መመለሻ ያለን ሰዎች ነን፤ ዑመር ቢመጡ ሁነይን በር ላይ የሚያቆሙት በእኛ ላይ ነው።

ሐጂ ሁለቱንም ቧንቧ ዘጉ። ያን ምሽት ከሁላችንም የተሻለ ሥራ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ክርክሩንም ያሸነፉኝ መሰለኝ። በማግስቱ ሲጫኑት ብቻ ውሃ የሚሰጥ ቧንቧ እንዲገባ፣ የውዱእ ውሃውም በቦይ ወደ ጓሮ ተመርቶ ችግኝ እንዲያጠጣ ለኮሚቴው ማመልከቻ ጻፍን። ፊርማው የሦስታችን ነው፤ የእሳቸው፣ የወጣቱና የእኔ።

ከሰሉ ግን ቤቴ ውስጥ ነበረ። ለቡናና ለወጥ ሁለት ወር ያህል አገለገለን፤ ባለቤቴ ጥሩ ከሰል ነው፣ አይፈነጥርም ብላ አመስግናዋለች። በዚያ መንገድ እንደገና ሳልፍ ሽማግሌውን ካገኘኋቸው ጥያቄያቸውን አልረሳሁትም። ሐይቁን ማን እንደጨረሰው አንድ በአንድ እየጠራሁ እነግራቸዋለሁ፤ ግራሩን ከጨረሱት ዝርዝር ላይም የገዛ ስሜን እጨምራለሁ።